የሎንድሪናን ፎቆች ከነቀለማቸው ለማንሳት የት ልቁም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሐምሌ አጋማሽ ለአኩሪ አተር ሥልጠና ወደ ብራዚል፣ ፓራና ግዛት ውስጥ ሎንድሪና ወደምትባል ከተማ እሄዳለሁ። ፎቶዎቿን ሳይ ሐይቅ ዳር የተደረደሩ ባለ ቀለም ረጃጅም ሕንፃዎች አሏት፤ እነሱን ማንሳት በጣም አምሮኛል። ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ሴንሰር ያለው) ነው። 18-55 እና 55-250 ሌንስ አለኝ፣ ትራይፖድም አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሳነሳ ግን ሰማዩ ነጭ፣ ሕንፃው ግራጫ ይሆንብኛል። ሕንፃዎቹም ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። ሰፊ ሌንስ ልግዛ? ድሮንስ ልያዝ?»

ሰላም ነው ወንድሜ። ሌንስ አትግዛ። ያለህ ይበቃል። እንዲያውም ለዚህ ሥራ ዋናው ሌንስህ ብዙ ሰው ቦርሳው ውስጥ የሚረሳው፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው 55-250 ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ፀሐይ እናውራ፤ ያንተ ችግር ያለው እዚያ ነው።

«ሰማዩ ነጭ፣ ሕንፃው ግራጫ» ያልከው የካሜራ ጥፋት አይደለም። ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ነበረች ማለት ነው። ወደ አንተ የዞረው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ከግድግዳው ብዙ እጥፍ ይደምቃል። ካሜራው ለግድግዳው ካደላ ሰማዩ ይነጣል። ለሰማዩ ካደላ ግድግዳው ይጠቁራል። መሃል ላይ ሲይዘው ያ የጠላኸው ግራጫ ይወጣል። ቤት ገብተህ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ብትጨምርም አይድንም። ጥላ ውስጥ ያለን ግድግዳ የሚያበራው ሰማያዊው ሰማይ ስለሆነ፣ ሮዝ የነበረው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ቢጫው አመድ ይመስላል። የሕንፃን ቀለም የምታገኘው ፀሐይ የመታችውን ገጽ ፊት ለፊት ከሚያይ ቦታ ቆመህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ችግሩ ሎንድሪና ላይ ያ ገጽ የትኛው ነው የሚለው ነው።

ፀሐይዋ በሰሜን ናት

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 23 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የቀትር ፀሐይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ለለመደ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሳታስበው ደቡብ የዞረውን ግድግዳ ማንሳት ትለምዳለህ። በሐምሌ ሎንድሪና ላይ ግን ደቡብ የዞረ ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ቀጥታ የፀሐይ ጨረር አያገኝም። ፀሐይዋ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ብላ ትወጣለች፣ በሰሜን ትዞራለች፣ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ብላ ትጠልቃለች። በቃ።

በምትሄድበት ሰሞን የምትወጣው በአገሬው (በፈረንጅ) አቆጣጠር ጠዋት 7 ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። የምትጠልቀው 18 ሰዓት አካባቢ ነው። ቀትር ላይ እንኳ ከአድማሱ ከ 47 ዲግሪ ብዙም ከፍ አትልም። ይሄ ዕድል ነው። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ወር እንኳ፣ ቀትር ላይ 57 ዲግሪ ትደርሳለች። ዝቅ ያለች ፀሐይ ግድግዳን ፊቱን ትመታዋለች፤ ከፍ ያለች ግን ጣሪያውን አብርታ ግድግዳውን ታንሸራትተዋለች። በክረምታቸው መሄድህ ጠቀመህ።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር አንድ የምወደውን ነገር ልንገርህ። በሐበሻ አቆጣጠር የሞላኸው የእጅ ሰዓት ካለህ፣ ሎንድሪና ስትደርስ አትንካው። ብራዚል ከእኛ በ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓትህ እዚያ በትክክል የአገሬውን ሰዓት ያነባል። ብራዚል በበጋ ሰዓት ወደፊት ማዛወሩን በ 2019 ስለተወችው ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። እኔም እዚህ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ የእነሱ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጅ ነው።

ሁለት ሰፈር፣ ሁለት ሰዓት

ፎቶ ላይ ያየኸው ውሃ ኢጋፖ ሐይቅ ይባላል። ሰው ሠራሽ ነው፤ ካምቤ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ገድበው በ 1959 የፈጠሩት። አሮጌው መሃል ከተማ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ነው። ግሌባ ፓልያኖ የሚሉት አዲሱ የማማ ሰፈር ደግሞ ከመሃል ከተማው በደቡብ ምዕራብ፣ ከውሃው ማዶ ነው። ብዙ ጎብኚ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ለመጨረስ ይሮጣል። እኔ ብሆን እለያያቸዋለሁ።

ግሌባ ፓልያኖ የጠዋት ነው። ከሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ቆመህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስታይ ፀሐይዋ ከኋላህ ትሆናለች። ማማዎቹ ወደ አንተ ባዞሩት ፊት በሙሉ ይበራሉ። ከ 7 ሰዓት ከሩብ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ሞቅ ያለ ወርቃማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ነጭ ይሄዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ጠዋት ንፋሱ ገና ስላልተነሳ ውሃው ብዙ ጊዜ ይረጋል። ሕንፃዎቹ ሐይቁ ውስጥ ተገልብጠው የሚታዩባቸው ፎቶዎች ሚስጥራቸው ማልዶ መነሳት ነው።

ግን ፀሐይን ድርቅ አድርገህ ከጀርባህ ካቆምካት ሌላ ችግር ይመጣል። ቀለሙ ይወጣል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ጥላ ስለማይታይ ሁሉም ማማ አንድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ በዳርቻው ትንሽ ተራመድ፤ ፀሐይዋ ከአንድ ትከሻህ በላይ እስክትሆን ድረስ። የማማው አንድ ፊት በርቶ ሌላው ጎኑ ጠቆር ሲል ማማው ሳጥን መሆኑ ይታያል፤ በረንዳዎቹም ጥላቸውን ይጥላሉ። ሃምሳ መቶ እርምጃ ብዙ ይለውጣል። ይሄን የሚያደርግልህ ሌንስ የለም።

መሃል ከተማው ደግሞ ከደቡብ ዳርቻ ነው የሚታየው። ወደ ሰሜን ታያለህ ማለት ነው። ከላይ ያልኩህን አስታውስ፤ ወደ አንተ የዞረው ግድግዳ ደቡብ የዞረው ነው፣ በሐምሌ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። በ 11 ሰዓት ጠዋት እዚያ ብትቆም አዲስ አበባ ላይ ያገኘኸውን ግራጫ ፎቶ ደግመህ ታገኘዋለህ። መፍትሔው ፀሐይዋን መተው ነው። 18 ሰዓት ላይ ትጠልቅ፣ አንተ ግን ዕቃህን አትሰብስብ። ሰማዩ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ሲሄድ የሰዎች ሳሎን መብራት መብራት ይጀምራል። ያኔ ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ የትኛውም ጎን እኩል ነው። ፎቶ አንሺዎች ብሉ አወር የምንላት ናት፤ ስሟ ሰዓት ቢሆንም እዚያ ኬክሮስ ላይ ግማሽ ሰዓት አትሞላም። ጥሩዋ ደቂቃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከ 15 እስከ 25 ያለው ነው። ከዚያ በፊት ሰማዩ ከመስኮቶቹ ይበልጣል፣ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥቁር ይሆንና የሕንፃው ጠርዝ ይጠፋል።

በታኅሣሥ የምትሄድ ሌላ አንባቢ ካለ ለእሱ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ፀሐይ ከምሥራቅም ከምዕራብም ወደ ደቡብ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ፣ የመሃል ከተማው ደቡብ ገጽ በማለዳና በምሽት ትንሽ ብርሃን ያገኛል። ግን ዝናቡም ያኔ ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ?

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከተማዋ በሙሉ ቀስተ ደመና አትመስልም። አዲሶቹ የፓልያኖ ማማዎች አብዛኞቹ ነጭ፣ ክሬም፣ ግራጫና መስታወት ናቸው። የእነሱ ቀለም ከሰማዩ ነው የሚመጣው፤ ማለዳ ወርቃማ፣ ምሽት ሮዝ ይሆናሉ። ግድግዳው ራሱ ቀለም ያለውን ከፈለግክ አሮጌው መሃል ከተማ ግባ።

እዚያ የምታየው ፓስቺልያ ነው። ብራዚላውያን ከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ረጃጅም ሕንፃዎቻቸውን የሚያለብሱበት የጣት ጥፍር የምታክል ትንሽ የሴራሚክ ንጣፍ ናት። ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የሚንት አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰናፍጭ ቢጫ። እንደ ቀለም ቅብ በፀሐይ ቶሎ አትለቅም፣ ዝናብም አያበላሻትም። ለዚህ ነው የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለው ሕንፃ ዛሬም ቀለሙን ይዞ የምታየው። ጠጋ ብለህ ብታይ በንጣፎቹ መካከል ያለው ስስ ሲሚንቶ ጠቁሯል። የሆነ ቦታ ላይ ንጣፍ ረግፎ ተተክቷል፤ አዲሱ ቀለም ግን ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። ከሌላው ሰማያዊ መሃል ያልገጠመችውን ያቺን ሰማያዊ ንጣፍ በ 250 ሳብ አድርገህ አንሳት። ከሰፊው የከተማ ፎቶ ይልቅ ስለ ከተማዋ የምትናገረው እሷ ናት።

ፓስቺልያ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ሲመታው ላዩ ላይ ነጭ ጨረር ይመለስና ቀለሙን ያጥበዋል። እዚህ ላይ ፖላራይዘር ፊልተር ዋጋ አለው። ገንዘብ ላውጣ ካልክ ሌንሱን ትተህ እሷን ግዛ። ቀስ ብለህ አዙራት፤ አንድ ቦታ ላይ ነጩ ጨረር ተገፎ ቀለሙ ብቅ ይላል። ሐይቁ ጋ ስትሄድ ግን አውልቃት፤ የውሃውንም ነጸብራቅ አብራ ትበላዋለች። በሰፊ ሌንስም ሰማዩን አንድ ጥግ ጥቁር፣ ሌላውን ጥግ ፈዛዛ ስለምታደርገው 18 ላይ አትጠቀምባት።

በረንዳዎቹንም አትለፋቸው። ብዙዎቹ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የተወጠረ የናይለን መረብ ታያለህ፤ ልጅና ድመት እንዳይወድቅ ነው። ከሩቅ አይታይም። የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመታው ግን ማማው በሙሉ በስስ ክር የተጠለፈ ይሆናል።

እግረ መንገድህን የድሮውን የአውቶቡስ ጣቢያ እይ። ቪላኖቫ አርቲጋስ የሚባለው ታዋቂ የብራዚል አርክቴክት የነደፈው ነው፤ ዛሬ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። ተከታታይ የኮንክሪት ቅስቶቹን ከፊት አድርገህ ከኋላ ማማዎቹን ብትይዝ በአንድ ፎቶ ሁለት ዘመን ይገባል። ኦሮ ቬርጂ የሚባለው ሲኒማ ቤትም የዚሁ ሰው ሥራ ነው። በ 2012 ተቃጥሎ ነበር፣ ጠግነውት በ 2017 ተከፍቷል።

ይሄ ሁሉ ሕንፃ እንዴት እንደመጣ ማወቅ የምታነሳውን ለመምረጥ ይረዳል። ሎንድሪና ወጣት ከተማ ናት፤ ከተማ ሆና የተቋቋመችው በ 1934 ነው። ጫካውን መንጥሮ መሬቱን ለገበሬ የሸነሸነው በእንግሊዞች ገንዘብ የቆመ ኩባንያ ነው። ከዚያ ቡና ነገሠ። የመጀመሪያዎቹ ፎቆችና እነዚያ የአርቲጋስ ሥራዎች የቡና ገንዘብ ናቸው። በሐምሌ 1975 (ፈረንጅ) ግን ውርጭ ወርዶ የፓራናን ቡና በአንድ ሌሊት አቃጠለው። የዓለም ቡና ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የእኛም ቡና ያኔ በዚያው ዋጋ ተሸጧል። ገበሬው ፊቱን ወደ አኩሪ አተርና ስንዴ አዞረ፤ የእርሻ ሠራተኛው ወደ ከተማ ፈለሰ። አንተም ለአኩሪ አተር ወደዚያ የምትሄደው ከዚያ ውርጭ ጋር የተያያዘ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ዛሬ ከ 555 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፤ ማማዎቿ ግን የሚሊዮኖች ከተማ ያስመስሏታል። በ 1964 የወጣው የብራዚል ሕግ ሕንፃ ሳይሠራ አፓርታማውን አስቀድሞ መሸጥን ሥርዓት አስይዞለታል፤ ለግንባታው ትልቅ በር የከፈተው እሱ ነው።

55-250 ለምን?

ሕንፃ ወደ ኋላ የሚወድቅ የሚመስለው ካሜራህን ወደ ላይ ስላቀናህ ነው። ሥሩ ስትቆም ሌላ ምርጫ የለህም። ሰፊ ሌንስ ብትገዛ ደግሞ ይብስበታል፤ የበለጠ ትቀርባለህ፣ የበለጠ ታቀናለህ። መድኃኒቱ መራቅና ካሜራውን አድማሱ ላይ ቀጥ ማድረግ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 120 ሜትር ቁመት ያለውን ማማ ከ 600 ሜትር ርቀት ብታየው፣ ከአድማሱ በላይ 11 ዲግሪ ቢሆን ነው። በክሮፕ ሴንሰር ካሜራ 55 ላይ፣ ካሜራውን በቁም ይዘህ ፍጹም ቀጥ ብታደርገው፣ ከመሃል ወደ ላይ ከ 11 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ይገባል። ማማው ልክክ ብሎ ይገባል፣ አንድም መስመር አይጋደልም። የታችኛው ግማሽስ? ውሃ ነው። የሕንፃው ነጸብራቅ የሚተኛው እዚያ ነው። ሐይቅ ለዚህ ነው የተፈለገው።

ሰፋ ያለ እይታ ካማረህ በቁም የተነሱ ፎቶዎችን ከግራ ወደ ቀኝ አከታትለህ አንሳ። እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ሲሶውን ይደራረብ። ኤክስፖዠርህን፣ ፎከስህን፣ ዋይት ባላንስህን ማንዋል ላይ ቆልፍ፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ ሰማዩ ዥጉርጉር ይሆናል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ በደቂቃ ይገጣጠማሉ። በ 18 አንዴ ካነሳኸው ፎቶ ይልቅ ይሄ ሕንፃዎቹን በአካላቸው ያሳያል። በ 18 የተነሳ ስካይላይን ላይ ሕንፃዎቹ መሃል ላይ ያለ ቀጭን ጥርስ ናቸው፤ የቀረው ባዶ ሰማይና ባዶ ውሃ ነው።

150 እና 200 ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ርቀው ያሉ ማማዎች አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። በቀለም የሚቃረኑ ሁለት ሕንፃዎች እስኪነካኩ ድረስ ዳርቻው ላይ ወዲያና ወዲህ በል። ሰማዩን ጨርሶ አስወጣው። እኔ ከእንደዚህ ያለ ጉዞ ስመለስ የምወዳቸው ፎቶዎች ሁሌም እነዚህ ናቸው።

ለምሽቱ ትራይፖዱ ላይ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 አድርግ። ፀሐይ ከጠለቀች 15 ደቂቃ ሲሆን ከአንድ ሰከንድ ጀምር፤ 25 ደቂቃ ሲሞላ ከ 4 እስከ 8 ሰከንድ ትደርሳለህ። በየሁለት ደቂቃው ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እያየህ አስረዝም። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ፣ ባለ 2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም። ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል አንሳ። አሮጌው የመንገድ መብራት ብርቱካናማ፣ ኤልኢዲው ቀዝቃዛ ነጭ፣ ሳሎኑ ቢጫ ነው፤ ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ በየፎቶው ሐሳቡን ይቀይራል። ቪዲዮ ከቀረጽክ ደግሞ ሸተሩን 1/60 አድርገው። የእኛ መብራት ኃይል 50 ኸርዝ ነው፣ የእነሱ 60 ነው፤ በእኛው 1/50 ከቀረጽክ መብራቱ ይርገበገብብሃል።

አየሩና አፈሩ

ሐምሌ እዚያ ደረቅና ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቀን ከደቡብ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ፣ ዘንቦ፣ ባለፈ ማግስት ነው። አየሩ ይታጠባል፣ ሩቁ ማማ እንደ ቅርቡ ይሰላል። በዚያ ቀን ሥልጠናው ላይ ሻይ ዕረፍት ካለ ሳይቀር ካሜራህን ይዘህ ውጣ። ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ከሆነ ግን የሰደድ እሳት ጭስ ከሰሜን ሊመጣ ይችላል። ያኔ ፀሐይዋ ቀይ ኳስ ሆና ታምራለች፣ የሕንፃ ቀለም ግን ይሞታል። ጭስ ካለ ቀለሙን ተውና የማማዎቹን ጥላ ምስል በቀይ ሰማይ ላይ አንሳ።

ማለዳው ይበርዳል፤ ከ 10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ትርፍ ባትሪህን ደረት ኪስህ ውስጥ አድርግ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገባ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ አታውጣ፣ ሌንሱ ያልበዋል።

አፈሩ ቀይ ነው፤ ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ደማቅ ቀይ። የአካባቢው ሰው ራሱን «ፔ ቬርሜልዮ»፣ ባለ ቀይ እግር፣ እያለ ይጠራል። የግንባታ ቦታ አጠገብ ነጩ አጥር እስከ ጉልበት ድረስ ቀልቶ ታየዋለህ። ለፎቶ ግሩም ነው፣ ለሴንሰር ጠላት ነው። ውጭ ሌንስ አትቀይር።

በምትሄድበት ሰሞን ኢፔ የሚባለው ዛፍም ያብባል፤ ሮዙ ቀድሞ፣ ቢጫው ተከትሎ። ከተሞቻችን ውስጥ የምናውቀው የጃካራንዳ ዘመድ ነው፤ አበባው ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል። ከፊት ለፊት አንድ ቅርንጫፍ፣ ከኋላ ደብዘዝ ያለ ማማ፤ 100 ላይ፣ ኤፍ 5.6። ብዙ ሰው ያነሳዋል፣ ቢሆንም አንሳው።

ሰውና ሕግ

ከመንገድ ላይ ሕንፃ ማንሳት በብራዚል ችግር የለውም። የ 1998ቱ የቅጂ መብት ሕግ በአደባባይ በቋሚነት የቆመን ሥራ ፎቶ ማንሳትን ፈቅዷል። የሰው ፊት ግን ሌላ ነው፤ የሰው መልክ በሕገ መንግሥቱም በፍትሐ ብሔር ሕጉም የተጠበቀ ነው። በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮን በ 250 ስበህ አታንሳ። እኛ ሰፈር ቢሆንም ነውር ነው።

ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ማንሳት ከፈለግክ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ፣ ፖርቴይሮውን፣ ጠይቅ። እሱ አይወስንም፤ ወደ ሲንዲኮው ይመራሃል። ሲንዲኮ ነዋሪዎቹ የመረጡት የሕንፃው ኃላፊ ነው። «ቦም ጂያ» ብለህ ጀምር፣ ከዚያ «ፖሱ ቺራር ኡማ ፎቶ?» በል። በቀጥታ ወደ ሊፍት የሄደ ሰው አይወደድም። የበለጠ የሚቀናህ ግን አብሮህ የሚሠለጥን ወይም የሚያስተምርህ የአገሬው ሰው 15ኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ከሆነ ነው። ጠይቀው፤ ቡና ይዘህለት ሂድ። ከመሃል ፎቅ ከፍታ ካነሳህ ካሜራውን ወደ ላይ ማቅናትም አያስፈልግህም።

ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር የሚሮጥና የሚራመድ ሰው አለ። ሰው ባለበት ቁም፣ ብቻህን አትሂድ፣ የካሜራውን ማንገቻ አንገትህ ላይ አድርግ፣ ስልክህን መንገድ ላይ አውጥተህ አትቁም። ጥቁርና ተራ ቦርሳ ያዝ። ቻርጀርህ ባለ ሁለት ቀጭን ክብ እግር ከሆነ የእነሱ ሶኬት ላይ ይገባል። ቮልቴጁ ግን እንደ ቦታው 127 ወይም 220 ስለሆነ፣ ቻርጀሩ ላይ ከ 100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተህ ሂድ።

ድሮኑን በተመለከተ፣ ይቅርብህ። ብራዚል ውስጥ ከ 250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ መመዝገብ አለበት። የአየር ክልሉን ለመጠቀም ከአየር ኃይሉ ሥር ካለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። የሬዲዮ ሞገዱም በቴሌኮም መሥሪያ ቤታቸው መረጋገጥ አለበት። ፈቃድ ካልሰጡህ ሰዎች በ 30 ሜትር መራቅ አለብህ፤ ያ ደግሞ ሰው በሚርመሰመስበት ሐይቅ ዳር ከባድ ነው። ስትመለስ ደግሞ የእኛ ጉምሩክ አለ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አያስገባም። ለሥልጠና ሄዶ ቦሌ ላይ ዕቃ አስይዞ መመለስ ምን ያደርግልሃል?